የአየር ማቀዝቀዣ አተካከልና የተረካቢው ድርሻ

ከደጋ ተወልዶ በደጋ ተምሮ ያደገ ወጣት ዲፕሎማውን በተቀበለ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ሰመራ፣ ወደ ጋምቤላ ወይም ወደ ጎዴ የተመደበ እንደ ሆነ፤ ስለሚጠብቀው ሥራ ከሚነገረው ይልቅ ስለ ሙቀቱ የሚነገረው ይበዛበታል። አንዱ «አልጋህን ከቤት አውጥተህ ካልተኛህ እንቅልፍ የለም» ይለዋል፤ ሌላው «ሥራህን በማለዳ ካልጨረስህ ቀኑ ባከነ ማለት ነው» ይለዋል። ደርሶ ሲያየው ግን ከቢሮው ግድግዳ ላይ አንድ ነጭ ሣጥን ተሰቅሎ ቀዝቃዛ አየር ሲተነፍስ ያገኛል፤ ያላገኘም እንደ ሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ከሚጽፋቸው ደብዳቤዎች አንዱ «የአየር ማቀዝቀዣ ይገዛልን» የሚል ይሆናል።

በዛሬው እሑድ ስለዚህ ነጭ ሣጥን ጥቂት ለማለት አስበናል። የምንናገረው ስለ ዋጋው ወይም ስለ መልኩ አይደለም፤ ከሱቅ ወጥቶ ግድግዳ ላይ እስኪሰቀል ድረስ ባለው ግማሽ ቀን ውስጥ ስለሚሆነው ነገር ነው። መሣሪያው በደኅና ከተያዘ ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ሰው የሚጐዳበት ጥፋት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚዘራው በዚያች ግማሽ ቀን ነው። በዚያች ግማሽ ቀን ደግሞ ከተካዮቹ አጠገብ ቆሞ በመጨረሻው በርክክቡ ወረቀት ላይ የሚፈርመው ብዙውን ጊዜ መሐንዲስ ሳይሆን አንድ ወጣት የአስተዳደር ወይም የግዢ ሠራተኛ ነው። እንግዲህ ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ለዚያ ፈራሚ ነው፤ መሣሪያውን በገዛ እጁ እንዲተክል አይደለም፤ ሲተከል ምን ማየትና ምን መጠየቅ እንደሚገባው እንዲያውቅ ነው።

በመሠረቱ ይህ መሣሪያ ብርድ ይፈጥራል የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። የሚሠራው ግን ሙቀትን ከቤት ውስጥ እየቀዳ ወደ ውጭ ማፍሰስ ነው፤ ልክ ውሃ በባልዲ ከጒድጓድ ተቀድቶ እንደሚወጣ። በሐኪም ቤት መርፌ ከመወጋታችን በፊት አልኮል ክንዳችን ላይ ሲቀባ ቅዝቃዜ ይሰማናል፤ አልኮሉ ሲተን ሙቀታችንን ይዞ ስለሚሄድ ነው። በመሣሪያውም ውስጥ በመዳብ ቱቦ የሚዘዋወር አንድ ፈሳሽ በውስጠኛው ሣጥን ውስጥ ይተንና የክፍሉን ሙቀት ይወስዳል፤ ከዚያም በውጪው ሣጥን ያለው ኮምፕሬሰር አምቆ ያግለዋል፤ ሙቀቱን ለውጪው አየር ሰጥቶ እንደገና ፈሳሽ ሆኖ ይመለሳል። በጥገና ስሕተት ወይም በመሰበር ካልፈሰሰ በቀር ይህ ነገር አያልቅም። ይህን አንባቢያችን እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

የዘመናዊው የአየር ማቀዝቀዣ ጥንስስ የሰውን ላብ ለማድረቅ የታሰበ አልነበረም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 ዊሊስ ካሪየር የሚባል ወጣት አሜሪካዊ መሐንዲስ በኒው ዮርክ ከተማ በብሩክሊን ለሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት የአየሩን እርጥበት የሚቈጣጠር መሣሪያ ነደፈ፤ በበጋው እርጥበት ወረቀቱ እየተለጠጠና እየተኰማተረ ቀለሞቹ ከቦታቸው ይዛነፉ ነበርና። እንግዲህ መጀመሪያ የቀዘቀዘው ወረቀቱ ነው፤ ሠራተኛው የወረቀቱ ባለ ዕዳ ነው ማለት ይቻላል። እኛ የጋዜጣ ሰዎች ይህን ታሪክ ባነበብን ጊዜ ጥቂት ኰራን። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ ደረሰ፤ ዛሬ በአገራችን ይህ መሣሪያ እንደ ጠረጴዛና ወንበር ከሚቈጠርባቸው ከተሞች አንዷ ያቺው ድሬዳዋ ናት።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። አየር ማቀዝቀዣ ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ ይዟል፤ እነርሱም የኤሌክትሪክ ኀይል፣ ክብደትና በብርቱ ግፊት የታመቀ ጋዝ ናቸው። እያንዳንዳቸው ለየብቻ በቤታችን ይገኛሉ፤ መብራት አለን፣ ቁም ሣጥን አለን፣ የወጥ ቤት የጋዝ ሲሊንደር አለን። ነገር ግን ቁም ሣጥኑን ከመንገደኛ ራስ በላይ ከግድግዳ ላይ አንሰቅለውም፤ ሲሊንደሩንም ከመብራት ሽቦ ጋራ አናስረውም።

በግንቦት ወር ወደ ድሬዳዋ ተጕዘን ሳለ በአንድ መሥሪያ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይህ መሣሪያ ሲተከል ለማየት ዕድል አጋጥሞን ነበር። ሁለት ወጣቶች ነበሩ። አንደኛው በመስኮቱ ደፍ ላይ ወጥቶ ግማሽ አካሉን ወደ ውጭ አውጥቶ ግድግዳውን በመሰርሰሪያ ይበሳል፤ ጓደኛው ከውስጥ ሆኖ የሱሪውን ቀበቶ በእጁ ይዞታል። ከታች በግድግዳው ጥላ ሥር አንዲት ሴት ጀበናዋን ጥዳ ቡና ትሸጣለች። በዚህ መካከል ፀጉራቸው የሸበተ የሥራው ባለቤት የመሣሪያ ቦርሳቸውን አንግተው ገቡና በበሩ ላይ ቀጥ አሉ።

«ገመዱስ?» አሉ።

«ጋሼ፣ አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው እኮ የቀረው፤ ሦስቱን ጨርሻለሁ።»

«ግባ አልኩህ። ብትወድቅ ለእናትህ ሦስቱን ጨርሶ ነበር ልበላት?»

ልጁ እያጕረመረመ ገባ። ሽማግሌው በመስኮቱ ብቅ ብለው ቡና ሻጪቱን «እህቴ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ወደ ማዶ ፈቀቅ በይልን» ብለው ለመኗት፤ እርሷም ዕቃዋን ሰብስባ ተሻገረች። ቀጥሎ ልጁ የበሳውን ግድግዳ በጣታቸው አንኳኩና «ስማው» አሉት። ድምፁ እንደ ባዶ ጋን ነበር።

«ምን ይላል?»

«ባዶ ነው ጋሼ።»

«ታዲያ ባዶ ላይ ነው ሠላሳ ኪሎ የምትሰቅለው?»

በዚህ አጭር ንግግር ውስጥ ያለውን ቁም ነገር ጥቂት እንዘርዝረው። በከተሞቻችን የሚሠራው ቤት አብዛኛውን ጊዜ ምሰሶውና ማገሩ በፌሮ የተጠናከረ ኮንክሪት ሲሆን በመካከል ያለው ግድግዳ ግን ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ነው። ብሎኬቱ የራሱን ክብደት ተሸክሞ ነፋስና ፀሐይን ይከላከላል፤ ልጣጩ ግን ስስ ነው። በተለምዶ ፊሸር የሚባለው መወጠሪያ ወይም ሲጠብቅ የሚነፋው ብሎን በድፍን ኮንክሪት ውስጥ ሲገባ ዙሪያውን ነክሶ ይይዛል፤ በብሎኬት ውስጥ ግን የሚነክሰው ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲሜትር ልጣጭ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው አየር ነው። በተሰቀለ ዕለት ደኅና መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ የውጪው ሣጥን ዝም ብሎ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም፤ ኮምፕሬሰሩ በተነሣና በቆመ ቍጥር ይንቀጠቀጣል። ያ መንቀጥቀጥ በየቀኑ፣ በየወሩ ልጣጩን እየፈረፈረ ቀዳዳውን ያሰፋዋል።

በሰፊው የሚገዛው 12000 ቢ.ቲ.ዩ. የሚባለው መሣሪያ የውጪ ሣጥኑ ከ25 እስከ 35 ኪሎ ይመዝናል፤ ትልልቆቹ ከ50 ኪሎ ያልፋሉ። ከ9 ሜትር ከፍታ፣ ማለት ከሦስት ፎቅ ያህል የወደቀ ነገር መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ፊዚክስ የተማረ አንባቢያችን በአንድ ደቂቃ ሊያሰላው ይችላል። ወዳቂው ሣጥኑ ቢሆን ወይም ልጁ ቢሆን ለስሌቱ ልዩነት የለውም።

መፍትሔው ውድ አይደለም። የብረት ድጋፉ የሚታሰረው በተቻለ መጠን በኮንክሪቱ ምሰሶ ወይም ማገር ላይ ነው። ይህ ካልተቻለ ረጅም ብሎን ግድግዳውን ዘልቆ ገብቶ በውስጥ በኩል ሰፊ የብረት ሰሌዳ ተደርጎለት በዳዶ ይጠብቃል፤ በዚህ ጊዜ ክብደቱን የሚሸከመው ልጣጩ ሳይሆን የግድግዳው ሙሉ ውፍረት ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ቦታ ከተገኘ ሣጥኑን ከነጭራሹ አለመስቀል ነው፤ በመሬት ወይም በጠፍጣፋ ጣራ ላይ በተሠራ መደብ ላይ ማስቀመጥ። እንደ ሰመራ ባለ ሰፊና ሜዳ ከተማ ባለ አንድ ፎቅ ቢሮ ሳለ የውጪውን ሣጥን አናት ላይ መስቀል ምን እንደሚጠቅም አይገባንም። ከመደቡ ላይ ሲሆን ጠጋኙም መሰላል አያስፈልገውም። ብቻ አየር እንደ ልብ የሚያገኝበት ቦታ መሆን አለበት፤ በተዘጋ በረንዳ ውስጥ ካስቀመጡት ያፈሰሰውን ሙቀት መልሶ ይጠጣል፤ ኤሌክትሪኩን ይፈጃል፤ በመጨረሻም ይቃጠላል።

ገመዱን በሚመለከት ደግሞ ሽማግሌው ከቦርሳቸው የደኅንነት ቀበቶ አውጥተው ለልጁ ካስታጠቁት በኋላ ጫፉን ያሰሩት በክፍሉ ውስጥ ካለ የኮንክሪት ምሰሶ ጋራ ነበር፤ ከመስኮቱ ፍሬም ወይም ከሚሰቀለው የብረት ድጋፍ ጋራ አይደለም። ልጁ ቀሪውን ሥራ እንደገና ጀመረ፤ ያን ቀን አራቱም ቀዳዳ ተደፍኖ ወደ ምሰሶው ተዛወረ። ሥራው በሁለት ሰዓት ዘገየ።

ከዚህ ቀጥለን ስለ ኤሌክትሪኩ እንናገራለን። በዚያ ክፍል ውስጥ በበሩ አጠገብ አንድ አሮጌ ሶኬት ነበረ፤ ከእርሱም በማከፋፈያ አማካይነት ሁለት ኮምፒውተርና አንድ ማተሚያ ይሠሩ ነበር። ወጣቶቹ አዲሱን መሣሪያ ከዚያው ላይ ሊሰኩት አስበው ነበር። «መብራት አለ አይደለም እንዴ?» አለን አንደኛው፤ እውነቱን ነው፣ መብራት አለ።

ነገሩን በእንጀራ ምጣድ ብናስረዳው ይቀላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት ሺሕ ዋት በላይ ይስባል፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው ለምጣድ የራሱ ወፍራም ሽቦ፣ የራሱ መቁረጫ እንደሚያስፈልገው ያውቃል። የ12000ው አየር ማቀዝቀዣ ግን ወደ 1200 ዋት ገደማ ብቻ ነው የሚስበው፤ በ220 ቮልት ሲካፈል ከ5 እስከ 6 አምፔር ይሆናል። ይህን የሰማ ሰው «ታዲያ ከምጣድ ሲሶ ነው» ብሎ ይንቀዋል። ነገር ግን ምጣዱ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ለአንድና ለሁለት ሰዓት የሚሠራ ነው፤ ይህኛው በቆላ አገር በቀን ዐሥር ሰዓት ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ በተለይም የቀድሞው ዐይነት ኮምፕሬሰር በሚነሣበት ቅጽበት ከተለመደው ብዙ እጥፍ ይስባል። ሁለት ሽቦ ተጠማዞ በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለበት መጋጠሚያ ምጣዱን ለአንድ ሰዓት ሊችለው ይችላል፤ ለዐሥር ሰዓት ሲግል ግን ናስትሮው ይቀልጣል። እሳቱ የሚነሣው ከመሣሪያው ሳይሆን ማንም ከማያየው ከግድግዳው ውስጥ ነው።

ስለዚህ ከዋናው ማከፋፈያ ሣጥን ተነሥቶ ለዚህ መሣሪያ ብቻ የሚመጣ የመዳብ ሽቦ ያስፈልጋል፤ ለትንሹ መሣሪያ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ለ18000ና ለ24000ው 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የተለመደ ነው፤ ርቀቱ ሲበዛ ውፍረቱም ይጨምራል። የአምራቹ መመሪያ ከዚህ የበለጠ ካዘዘ መመሪያው ይበልጣል። ለራሱ ብቻ የሚሆን ብሬከርም ይኖረዋል። ማከፋፈያ ከተባለው ዕቃ ጋራ ፈጽሞ አይገናኝም።

ሽማግሌው የበሩን ሶኬት ፈትተው ለፈራሚው ወጣት ባሳዩት ጊዜ ያየነው ነገር አሁንም ከዐይናችን አልጠፋም። ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ አለው፤ ከኋላው ግን የተያያዙት ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው። ሦስተኛው፣ ማለት የመሬት ሽቦ (ኧርዝ) የሚታሰርበት ቦታ ሸረሪት አድርቶበት ነበር። ወጣቱ ሠራተኛ «ይህን ያህል ዓመት እኮ ሠርቷል» አላቸው። «አዎን፣ ያለ እርሱም ይሠራል፤ ለዚህ ነው የሚረሱት» ሲሉ መለሱለት።

በእርግጥ የመሬት ሽቦ በጤና ቀን ምንም ሥራ የለውም። ሥራው የሚጀምረው በመሣሪያው ውስጥ አንድ ሽቦ ተልጦ የብረቱን አካል የነካ ዕለት ነው። ሽቦው ካለ ኤሌክትሪኩ በእርሱ በኩል ወደ መሬት ሮጦ ብሬከሩን ይቈርጠዋል፤ ከሌለ በብረቱ ላይ አድፍጦ የሚነካውን ሰው ይጠብቃል። ያ ሰው በቆላ አገር በላብ የራሰ ነው፤ ምናልባትም አቧራ ልትጠርግ የመጣች፣ ወለሉን ውሃ አርከፍክፋ በነጠላ ጫማ የቆመች ጽዳት ሠራተኛ ናት።

ብሬከሩ ያድናታል ብሎ የሚያስብም ይኖር ይሆናል። 16 አምፔር የተጻፈበት ብሬከር ሽቦውን ከመቃጠል እንዲያድን የተሠራ ነው፤ የሰውን ልብ ለማቆም ግን የአንድ አምፔር አንድ ዐሥረኛ እንኳ ይበዛል፤ ብሬከሩም ይህን ከቁጥር አያስገባውም። ሰውን እንዲያድን የተሠራው ሌላ ነው፤ አር.ሲ.ዲ. ይባላል፤ የወጣው ኤሌክትሪክ ሳይመለስ የቀረ መሆኑን አይቶ በ30 ሺሕኛ አምፔር ይቈርጣል። ከፊቱ «ቴስት» የሚል ቁልፍ አለው፤ ሲጫኑት መቁረጥ አለበት። ይህን ለመሞከር ምሕንድስና መማር አያስፈልግም፤ አንድ ጣት ይበቃል። የመሬት ሽቦውን ግን በመለኪያ የሚፈትነው ባለ ሙያ ነው። ደግሞም ሥራ ለማፋጠን ሲሉ የመሬቱን ቀዳዳ ከኖይትራሉ ጋራ በአጭር ሽቦ የሚያገናኙ አሉ፤ ፈታኝ ቢመጣ ያለ ይመስላል። ኖይትራሉ አንድ ቀን የተበጠሰ እንደ ሆነ ግን የመሣሪያው ብረት ሁሉ ሕይወት ያለው ኤሌክትሪክ ይሆናል፤ ከባዶው ይልቅ ይህ የከፋ ነው።

ሦስተኛው ጋዙ ነው። በውጪው ሣጥን ጐን በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ የጋዙ ስም ተጽፎ ይገኛል፤ አር 22፣ አር 410 ኤ፣ አር 32 ወይም አር 290 ሊል ይችላል። የመጀመሪያው የአሮጌ መሣሪያዎች ጋዝ ነው፤ በሰማይ ያለውን የኦዞን ሽፋን ስለሚጐዳ በ1987 በተፈረመው በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት በመላው ዓለም እየተወገደ ያለ ነው። ሁለተኛው ኦዞንን ባይነካም ምድርን በማሞቅ ብርቱ ስለ ሆነ በ2016 በኪጋሊ የተደረሰው ማሻሻያ እርሱንና መሰሎቹን እየቀነሰ እንዲሄድ ወሰነ። በምትካቸው የመጡት አር 32ና አር 290 ለምድር የተሻሉ ናቸው፤ ነገር ግን ይነዳሉ። አር 32 በዝግታ የሚነድ ነው፤ አር 290 ግን ፕሮፔን ነው፤ በወጥ ቤት ሲሊንደር ውስጥ ከሚገኙት ጋዞች አንዱ። ለዓለም የሚበጀው ለተካዩ ጥንቃቄን ጨመረበት ማለት ነው።

እንግዲህ ተካዩ ሲጋራ እያጨሰ ቱቦ የሚገጥምበት ዘመን አልፏል። በየመንደሩ ጥገና የሚሠሩ አንዳንድ ሰዎች የአንዱን ጋዝ በሌላው መሣሪያ ይሞላሉ፤ አልፎ አልፎም ለማይነድ ጋዝ በተሠራ አሮጌ መሣሪያ ውስጥ ርካሽ ነው ብለው የወጥ ቤቱን ጋዝ ይጨምራሉ። ያ መሣሪያ የብልጭታ መከላከያ የለውም። ሰሌዳው ላይ ካለው ስም ሌላ ምንም ነገር ወደ ውስጥ አይገባም።

ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራው ግን የኦክሲጅኑ ነገር ነው። ቱቦዎቹ ከተጋጠሙ በኋላ የሚያፈስ መኖሩን ለማወቅ በግፊት ይፈተናሉ፤ ለዚህ የሚገባው ደረቅ ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅን በክፍለ ሀገር በቀላሉ አይገኝም፤ የብየዳ ኦክሲጅን ግን በየጋራዡ አለ። «ጋዝ ጋዝ ነው» ብሎ ኦክሲጅኑን የሚያስገባ ሰው በኮምፕሬሰሩ ውስጥ ዘይት መኖሩን ረስቷል። ኦክሲጅንና ዘይት በግፊት ሲገናኙ ክብሪት አይፈልጉም፤ ይፈነዳሉ። አንባቢያችን ተካዮቹ ሲሊንደር ተሸክመው ሲገቡ ያየ እንደ ሆነ በውስጡ ያለው ምን እንደ ሆነ ቢጠይቅ አያፍርበት።

ግፊቱ ከተፈተነና መጋጠሚያዎቹ በሣሙና አረፋ ከታዩ በኋላ በቱቦው ውስጥ የቀረው አየርና እርጥበት በቫኪዩም ፓምፕ ይወጣል፤ ይህም ከሩብ እስከ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ይህን ትተው ጋዙን ጥቂት ለቅቀው አየሩን የሚያስወጡ አሉ፤ ሥራው በአንድ ደቂቃ ያልቃል፤ ጋዙም በክፍሉ ውስጥ ይበተናል። ፓምፕ ሳይዝ የመጣ ተካይ ሥራውን ለመጨረስ አልመጣም ማለት ነው።

ጋዙ አያልቅም ያልነውን አሁን እናስታውስ። በየዓመቱ «ጋዝ ይሞላ» እየተባለ የሚከፈልበት መሣሪያ ቤንዚን እንደሚጠጣ መኪና የተቈጠረ ነው። ያነሰ ከሆነ አንድ ቦታ ፈሷል፤ ቀዳዳው ሳይደፈን የሚሞላው ጋዝ የመሥሪያ ቤቱን ገንዘብ ወደ ሰማይ መርጨት ነው።

አንድ ነገር በአተካከል ደንብ ውስጥ ባይጻፍም ለአገራችን በተለይ የሚያሻ ነው። በግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ይህ መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ ንጹሕ አየር አያስገባም፤ የክፍሉን አየር ራሱን እያዞረ ያቀዘቅዛል። ቅዝቃዜው እንዳይወጣ መስኮቱና በሩ ይዘጋል፤ የመስኮቱም ሽንቍር ይደፈናል። ከዚያ ከሰዓት በኋላ ቡና ይፈላል፤ ከሰሉም ወደ ውስጥ ይገባል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም የለውም፤ ራስ ያሳምማል፣ ያደክማል፣ ያስተኛል፤ የተኛውም ላይነሣ ይችላል። ክፍሉ ስለ ቀዘቀዘ ብቻ አየሩ የታደሰ ይመስላል፤ አልታደሰም። መሣሪያው በሚሠራበት ክፍል ከሰል አይገባም፤ ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላል፣ ሲኒው ወደ ውስጥ ይገባል። ሰው ለመታፈን ካልፈለገ በቀን ጥቂት ጊዜ መስኮት መክፈትም ግድ ነው።

አሁን ወደ ፈራሚው እንመለስ። ብዙ የግዢ ሰነዶችን ያየን እንደ ሆነ የመሣሪያው ዐይነት፣ ጕልበቱ፣ ቀለሙ ሳይቀር በዝርዝር ይጻፋል፤ በመጨረሻው መሥመር ላይ «ተከላን ጨምሮ» የሚሉ ሁለት ቃሎች ይከተላሉ። ከላይ የተናገርነው ሁሉ፣ ምሰሶው፣ ገመዱ፣ የመሬት ሽቦው፣ ናይትሮጅኑ፣ በእነዚህ ሁለት ቃሎች ውስጥ ተሸሽጎ ይቀራል። ተወዳዳሪው ነጋዴ ከመሣሪያው ዋጋ ላይ ብዙ ሊቀንስ አይችልም፤ አስመጪው ወስኖበታልና። ሊቀንስ የሚችለው ከሁለቱ ቃሎች ላይ ነው። ስለዚህ በዋጋ ያሸነፈው አንዳንድ ጊዜ ገመድ የሌለው ነው። ይህን በነጋዴው ክፋት ብቻ ማመካኘት ትክክል አይመስለንም፤ ያልተጻፈ ነገር አልተጠየቀምና።

እንግዲህ ሰነዱን የሚያዘጋጀው ወጣት ሁለቱን ቃሎች ይዘርዝራቸው፤ ለብቻው የሚዘረጋ ሽቦ፣ የተፈተነ የመሬት ሽቦ፣ 30 ሚሊ አምፔር አር.ሲ.ዲ.፣ ግድግዳውን ዘልቆ የሚታሰር ወይም በኮንክሪት ላይ የሚያርፍ ድጋፍ፣ በናይትሮጅን የሚደረግ ፍተሻ፣ ለሠራተኛው ገመድና ቀበቶ። የአንድ ገጽ ግማሽ አይሞላም። በርክክቡም ቀን መሣሪያው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ የ«ቴስት»ን ቁልፍ ይጫን፤ ብሎኖቹን ይይ፤ ከውስጠኛው ሣጥን የሚወርደው ውሃ በቱቦው ወደ ውጭ መፍሰሱን፣ ወደ ሶኬት ወይም ወደ ጎረቤት በር አለመውረዱን ያረጋግጥ። በድሬዳዋ ያየነው ወጣት የፈረመው በዚያ ቀን ሳይሆን አዲሱ ሽቦ ከተዘረጋ በኋላ በማግስቱ ነበር። አለቃው ስለ መዘግየቱ ተቈጥቶት እንደ ነበር ሰምተናል፤ ወረቀቱ ግን በእጁ ስለ ነበር ቁጣው አልፏል።

ከተተከለ በኋላ ያለው ጥቂት ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ መሣሪያውን ወዲያው ማስነሣት አይገባም፤ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት እስኪስተካከል ሦስት ደቂቃ ያህል ይታገሡት። አዳዲሶቹ ራሳቸው ይጠብቃሉ፤ አሮጌዎቹ ግን አያውቁም። ቮልቴጁ በሚዋዥቅበት ከተማ መከላከያ ቢጨመር ኮምፕሬሰሩ ዕድሜ ያገኛል። የውጪውን ሣጥን ክዳን ከባለ ሙያ በቀር ማንም አይክፈት፤ በውስጡ ያለው ካፓሲተር ብሬከሩ ከተቈረጠም በኋላ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቈያል። የውስጡን ማጣሪያ ግን የቢሮው ሰው ራሱ ሊያጥበው ይችላል፤ እንደ አፋር ባለ አቧራማ አገር በየሁለት ሳምንቱ ቢሆን አይበዛም። መጀመሪያ ብሬከሩ ይቈረጣል፤ ቀጥሎ ማጣሪያው በለብታ ውሃና በሣሙና ይታጠባል፤ ከዚያ በጥላ ይደርቃል። በፀሐይ ላይ የተሰጣ እንደ ሆነ ፕላስቲኩ ይጣመምና ወደ ቦታው አልገባ ይላል።